«ወደ ባሕር ለመውጣት አላሰብንም»፦ ስለ ልምድና ስለ ኀላፊነት የቀረበ ሒስ

እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ራንሰም በ1937 ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወደ ባሕር ለመውጣት አላሰብንም» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። መጽሐፉ ለልጆች የተጻፈ መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የኮሌጅ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት የምርምር መጽሔት ላይ ሊመረመር አይገባውም የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን መጽሐፉ አንድ ከባድ ጥያቄ ስለሚያነሣና ጥያቄውም ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የብዙ ሰው ጉዳይ ስለ ሆነ፣ በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል እንላለን። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ሰው የሌላውን የሸራ ጀልባ ተረክቦ፣ የሰው ነፍስ አሳፍሮ ከወደብ ሲወጣ፣ «ልምድ አለኝ» ማለቱ ምን ማለት ነው?

ዛሬ በግሪክ፣ በክሮኤሽያና በካሪቢያን ደሴቶች የሸራ ጀልባ ያለ መርከበኛ ማከራየት ትልቅ ንግድ ሆኗል። ተከራዩ ውል ይፈርማል፤ መያዣ ገንዘብ ያስይዛል፤ ጀልባውን ተረክቦ ለአንድ ሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት የራሱ አዛዥ ይሆናል። አገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም፣ የንግድ መርከቦቿ በባሕር ላይ ይመላለሳሉ፤ ወጣቶቿም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተምረው በውጭ አገር መርከቦች ይቀጠራሉ። ስለዚህ ነገሩ ፈጽሞ ከእኛ የራቀ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም የሰውን ነፍስ በዐደራ መቀበል በባሕርም ሆነ በየብስ አንድ ዐይነት ጥያቄ ያስነሣል።

ታሪኩ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ጆን፣ ሱዛን፣ ቲቲና ሮጀር የሚባሉ አራት ወንድማማችና እኅትማማች ከእናታቸው ጋር በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኦርዌል ወንዝ ዳር፣ ፒን ሚል በምትባል መንደር ሆነው የባሕር ኀይል መኰንን የሆኑት አባታቸው ከሩቅ ምሥራቅ እስኪመለሱ ይጠባበቃሉ። በዚያም ጂም ብሬዲንግ ከሚባል ወጣት ጋር ይተዋወቃሉ። ጂም ጎብሊን በምትባል የሸራ ጀልባ ይዟቸው ሊንሸራሸር እናታቸውን ያስፈቅዳል። እናትየውም ከወደቡ አፍ ላይ ከቆመው ተንሳፋፊ ምልክት እንዳያልፉ ቃል አስገብታ ትለቃቸዋለች። በሃሪች ወደብ ሳሉ ነፋሱ ይሞታል፤ የሞተሩም ቤንዚን ያልቃል። ጂም መልሕቅ ጥሎ፣ ወዲያው እመለሳለሁ ብሎ፣ በትንሽ ጀልባ ቤንዚን ሊገዛ ወደ ከተማ ይወጣል። አልተመለሰም። አውቶቡስ ገጭቶት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገብቶ ነበርና። በዚህ መካከል ጉም ይወርዳል፤ የባሕሩ ሙላት ይነሣል፤ መልሕቁም መሬቱን ለቆ ጀልባዋ አራቱን ልጆች እንደ ያዘች በዝምታ ወደ ውጭ ትንሳፈፋለች። ልጆቹ ሌሊቱን በማዕበል ሰሜን ባሕርን ተሻግረው በማግሥቱ ሆላንድ ውስጥ ፍሊሲንገን ወደብ ይደርሳሉ።

ይህን መጽሐፍ የሚያመሰግኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግኑት የልጆቹን ጀግንነት ነው። ጀግንነት መኖሩን አንክድም። ነገር ግን መጽሐፉን የጀግንነት ታሪክ ብቻ አድርጎ ማንበብ ደራሲው በጥንቃቄ ያስቀመጡትን ዋና ነገር መሳት ይመስለናል። እንደ እኛ አስተያየት መጽሐፉ ከሁሉ አስቀድሞ የአንድ ጥሩ መርከበኛ የቸልተኝነት ታሪክ ነው።

ጂም አላዋቂ አይደለም። ጀልባዋን ብቻውን እየነዳ ከዶቨር የመጣ ወጣት ነው፤ ገመዱንም ሸራውንም ጠንቅቆ ያውቃል። ዛሬ ቢሆን ማንኛውም አከራይ ጀልባውን ሳያመነታ ይሰጠው ነበር። ሆኖም በአንድ ቀን ሦስት ነገር አጓደለ። አንደኛ፣ የቤንዚኑን መጠን ሳያረጋግጥ ተነሣ። ሁለተኛ፣ መልሕቁን ሲጥል የለቀቀው ሰንሰለት ለዚያች ሰዓት ውኃ እንጂ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ለሚመጣው ውኃ የሚበቃ አልነበረም። ሦስተኛ፣ «እኔ ባልመለስ ይህን አድርጉ» ሳይል ሄደ።

ሁለተኛውን ጕድለት በቍጥር ብናስረዳ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። መልሕቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ሰንሰለቱ በባሕሩ ወለል ላይ ተጋድሞ መልሕቁን ወደ ጐን ሲስበው ጥርሱ መሬቱን ይነክሳል፤ ወደ ላይ ሲስበው ግን ይነቅለዋል። ስለዚህ መርከበኞች ከውኃው ጥልቀት ቢያንስ አራት እጥፍ የሚሆን ሰንሰለት እንዲለቀቅ፣ ነፋስ ሲበረታም እንዲጨመር ያስተምራሉ። እንግዲህ አንድ ሰው በ3 ሜትር ውኃ ላይ 12 ሜትር ሰንሰለት ቢለቅ ደንቡን ጠብቋል እንበል። በምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ ባሕሩ ሞልቶ ሲነሣ ውኃው ከ3 ሜትር በላይ ከፍ የሚልባቸው ቀኖች አሉ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጥልቀቱ 6 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ያው 12 ሜትር ሰንሰለት ከጥልቀቱ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሰውዬው ምንም ሳይነካ፣ ነፋስም ሳይነሣ፣ ደንቡ ከእጁ ወጣ ማለት ነው። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ለወንዝ ቢሆንም፣ ጎብሊንን ከወደብ ያወጣትን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ አናገኝም። ወጣቱ ጆን ነገሩ ገብቶት ተጨማሪ ሰንሰለት ሊለቅ ሲሞክር ጊዜው አልፎ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ልምድ የሚባለው ነገር ሁለት ክፍል እንዳለው ነው። አንደኛው የእጅ ልምድ ነው፤ ሸራ መስቀል፣ መሪ መያዝ፣ ገመድ ማሰር። ሁለተኛው አሁን ደኅና የሆነው ነገር ከጥቂት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የማሰብ ልምድ ነው። ጂም የመጀመሪያውን በሙላት ነበረው፤ በዚያች ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ጐደለው። ጆን ደግሞ በትንሽ ጀልባ በሐይቅ ላይ የተማረ ልጅ ስለ ሆነ የመጀመሪያው በከፊል ብቻ ነበረው፤ ነገር ግን ሁለተኛውን በዚያች ሌሊት ሲማር እናያለን።

የመጽሐፉ ከፍተኛ ቦታ የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። ጀልባዋ ከተንሳፋፊው ምልክት ካለፈች በኋላ ልጆቹ ይከራከራሉ። ሱዛን ለእናታቸው የገቡት ቃል ተሰብሯልና አሁኑኑ መመለስ አለብን ትላለች። ጆን ግን በጉም ውስጥ ወደ ወደቡ ለመመለስ መሞከር በዙሪያው ባሉት የአሸዋ ደለሎች ላይ መሰበር መሆኑን ይረዳል፤ ስለዚህ ሸራ ሰቅሎ ወደ ሰፊው ባሕር መራቅ ይሻላል ብሎ ይወስናል። የየብስ ሰው አደጋ ሲመጣ ወደ መሬት መሮጥ የተፈጥሮ ነገር ይመስለዋል። ለጀልባ ግን ብዙ ጊዜ የሚገድላት ጥልቁ ባሕር ሳይሆን መሬቱ ነው። ራንሰም ይህን እውነት ለአንባቢ በስብከት ሳይሆን በሁለት ልጆች ክርክር አስረድተዋል።

ክርክሩ የቃልና የቃል ዓላማ ክርክርም ነው። እናትየዋ «ከምልክቱ አትለፉ» ስትል የፈለገችው ልጆቿ በሕይወት እንዲመለሱ ነው። ቃሉን በፊደሉ መጠበቅ ዓላማውን የሚያፈርስበት ሰዓት ሲመጣ የትኛው ይጠበቅ? ጆን ዓላማውን መረጠ፤ ልክም ነበር። ነገር ግን ይህን ነጻነት በርካሽ እንዳንወስደው ያስፈልጋል። በዛሬው የኪራይ ውል ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ወሰን ይጻፋል፤ ከዚህ ደሴት አትለፍ፣ በሌሊት አትንዳ፣ ነፋሱ ከዚህ ልክ ከበለጠ ከወደብ አትውጣ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ ሜልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ኤጅያን ባሕርን በሚያናውጥበት ወቅት እንዲህ ያለ ወሰን ከንቱ አይደለም። ውሉን በደስታ ቀን የሚጥስ ተከራይ የጆንን ምሳሌ ሊጠቅስ አይችልም። ጆን ቃሉን የተወው የበለጠ ደስታ ፈልጎ ሳይሆን መውጫ በጠፋበት ሰዓት ነው።

መጽሐፉን ይህን ያህል ካመሰገንነው ዘንድ ጕድለቱንም መናገር አለብን። የመጀመሪያው ጕድለት ሱዛንን የሚመለከት ነው። ደራሲው የሱዛንን ፍርሃትና የባሕር ሕመም ብዙ ጊዜ ለጆን ውሳኔ እንደ መሰናክል አድርገው ያቀርቡታል። ለእኛ ግን ሱዛን አስፈላጊ ሰው ትመስለናለች። «ይህን ማድረግ ይገባናልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሌለባት ጀልባ አደገኛ ጀልባ ናት። ጆን ሸራውን ለማሳጠር በጨለማ ወደ ፊት ሲሄድ ባሕር ውስጥ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው የምናየው ነገር የሱዛን ፍርሃት ከንቱ እንዳልነበረ ያረጋግጣል። እሱ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ጀልባዋን ማን መልሶ ያነሣው ነበር?

ሁለተኛው ጕድለት ዕድል ነው። ነፋሱ ልጆቹን ወደ ክፉ ጠረፍ ሳይሆን ወደ ወደብ አደረሳቸው፤ በሌሊት ያገኛቸው የእንፋሎት መርከብ ሳይጨፈልቃቸው አለፈ፤ ፍሊሲንገን ሲደርሱም አባታቸው ወደ እንግሊዝ ሊሻገሩ በተሳፈሩበት መርከብ ላይ ሆነው አዩአቸው። ደራሲው መንገዱን ያለ ዕውቀት አልጻፉትም፤ በ1936 በራሳቸው ጀልባ ወደ ፍሊሲንገን ሄደው ነበርና የነፋሱም የሰዓቱም ነገር የታመነ ነው። ነገር ግን የጉዞው መንገድ እውነተኛ መሆን የመጨረሻውን መልካም ዕድል እውነተኛ አያደርገውም። በመልካም ዕድል የተፈጸመ ስሕተት ከሁሉ የከፋ አስተማሪ ሊሆን ይችላል። የጂም ጥፋት በአውቶቡሱ አደጋ ተሸፍኖ በቀላሉ ይቅር መባሉም የሚያረካ አይደለም። አውቶቡሱ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሰንሰለቱ ግን የጂም ነበር።

ሐሳባችንን ለማጠንከር ከዚህ በፊት በ1903 የታተመውን የአርስኪን ቺልደርስን «የአሸዋዎቹ እንቈቅልሽ» የተባለ ልብ ወለድ ታሪክ እናንሣ። በዚያ መጽሐፍ ካራዘርስ የሚባል የመሥሪያ ቤት ሰው በወዳጁ በዴቪስ ተጋብዞ ሲሄድ ያማረ ጀልባና አገልጋይ መርከበኞች የሚጠብቁት ይመስለዋል፤ ትልቅ ሻንጣም ይዞ ይሄዳል። የሚያገኘው ግን አንዲት ጠባብ ጀልባና ምንም መርከበኛ የሌለው ወዳጁን ነው። ፎቶግራፍ አይቶ ጀልባ የሚከራይ የዛሬ ሰው ዘመዱን ሊያገኝ ቢፈልግ ካራዘርስን ያንብብ። ዴቪስ ደግሞ እንደ ጂም የእጅ ልምድ የሞላው ነው። ሆኖም መንገድ አሳይሃለሁ ያለውን ዶልማን የሚባል ሰው አምኖ በማዕበል ቀን በአሸዋ ደለሎች መካከል በምታልፍ አቋራጭ ይገባና ከሞት ለጥቂት ይተርፋል። ቺልደርስ የሚነግሩን የእጅ ልምድ ክፉ ምክርን ከመከተል አያድንም የሚል ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ይህን ትምህርት ከእነዚህ መጻሕፍት በፊት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 አንብበነዋል። ጳውሎስ የመርከብ ወራት አልፏልና እንዳይሄዱ ሲመክር፣ መቶ አለቃው ከእሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት አመነ። በባሕር ሥራ ባለሙያን ማመን ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመሄዱ ጥቅም የሚያገኝ ሰው ስለ መሄድ የሚሰጠው ምክር በጥንቃቄ መመዘን እንዳለበት ታሪኩ ያሳያል። በኪራይ ነገር ይህ ሁለቱንም ወገን ይመለከታል። አከራዩ ኪራዩን ይፈልጋል፤ ተከራዩም የከፈለበት ሳምንት እንዳያልፍበት ይፈልጋል፤ ሰማዩ ግን የሁለቱንም ውል አላነበበም።

ታዲያ ልምድን በወረቀት መመዘን ይቻላልን? በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውሳኔ ቍጥር 40 መሠረት የሚሰጥ ለመዝናኛ ጀልባ ነጂዎች የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት አለ። ክሮኤሽያ ከጀልባ ነጂነቱ ወረቀት በላይ የሬዲዮ መነጋገሪያ ፈቃድ ትጠይቃለች። በእንግሊዝ ግን አንድ ሰው የራሱን የሸራ ጀልባ ለመንዳት ምንም ፈቃድ አያስፈልገውም፤ በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶችም አከራዮች በብዛት የሚጠይቁት ተከራዩ ራሱ ስለ ጉዞዎቹ የሚጽፈውን ዝርዝር ነው። አንዱ ሥርዓት ወረቀትን፣ ሌላው የሰውን ቃል ያምናል ማለት ነው። ወረቀት ሰውዬው አንድ ቀን ፈተና ማለፉን ይመሰክራል፤ ዛሬ ሰንሰለቱን መቍጠሩን ግን አይመሰክርም። የራስ ዝርዝር ደግሞ ሰው ያለፈባቸውን ማይሎች እንጂ የሠራቸውን ስሕተቶች አይጽፍበትም።

ከእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ ከራንሰም መጽሐፍ ጋር የሚስማማው የግሪክ ነው። በግሪክ ያለ መርከበኛ ለሚከራይ የሸራ ጀልባ ከመሪው ሌላ ጀልባ መንዳት የሚችል ሁለተኛ ሰው እንዲኖር ይፈለጋል። ብዙ ተከራዮች ይህን ሥርዓት እንደ አሰልቺ ፎርም ቈጥረው ምንም የማያውቅ ወዳጃቸውን ስም ይጽፉበታል። ጎብሊን ያስተማረችን ግን ይህን ነው፤ መሪው ሊወድቅ፣ ሊታመም፣ ወይም ቤንዚን ሊገዛ ሄዶ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ስም ባዶ ስም ከሆነ በጀልባዋ ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ ሰው ጤና ላይ ተንጠልጥለዋል።

አንድ ነገር ግን ራንሰም አላነሡም። በመጽሐፋቸው ውስጥ ማንም የጎብሊንን አካል አይጠራጠርም፤ ጀልባዋ ጠንካራ መሆኗ እንደ ተፈጥሮ ነገር ይታያል። በእውነተኛው ዓለም ይህን ያህል መታመን አይቻልም። በግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች 40 ጫማ ያህል ርዝመት ያላት የእንግሊዝ የሸራ ጀልባ ከአንቲጓ ወደ ሳውዝሃምፕተን ስትመለስ በአትላንቲክ መካከል ከሥሯ የሚወርደው ሚዛን ጠባቂ ከባድ ብረት ተገነጠለ፤ ጀልባዋም ተገለበጠች። በላይዋ የነበሩት አራት ሰዎች አልተገኙም፤ ከመካከላቸውም በዕድሜ ከእኛ ከተማሪዎቹ የማይበልጡ ነበሩ። ጀልባዋ ተገልብጣ ስትገኝ የነፍስ አድን ጀልባው በቦታው እንደ ታሰረ ነበር። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪ ቢሮ በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ጀልባዋ ከዚያ በፊት መሬት መንካቷና የተደረገላት ጥገና አካሏን አዳክሞት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። እነዚህ ሰዎች ሸራ የሚያውቁ ነበሩ። ያሳፈረቻቸው ጀልባ ያለፈ ታሪክ ግን በዐይን የሚታይ አልነበረም።

የተከራየ ጀልባ ከራስ ጀልባ የሚለይበት ዋናው ነገር ይህ ነው። ባለቤት የጀልባውን ሕመም ያውቃል፤ ተከራይ ግን ባለፈው ሳምንት ድንጋይ ነክቶ ዝም ያለ ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም። ስለዚህ በርክክብ ሰዓት የነፍስ ማዳኛ ሰደርያውን ማየት፣ የውኃ መምጠጫውን ማሠራት፣ የነፍስ አድን ጀልባው የተመረመረበትን ቀን ማንበብ፣ ወለሉን ከፍቶ በብረቱ መያዣ ዙሪያ ስንጥቅና ውኃ መኖሩን መመልከት፣ መሬት ነክታ ታውቃለችን ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር መቈጠር የለበትም። አከራዩም ስሕተቱን ለተናገረ ተከራይ መያዣ ገንዘቡን ሁሉ በመውሰድ የሚቀጣ ከሆነ፣ ቀጣዩን ተከራይ በዝምታ ለአደጋ አሳልፎ እየሰጠ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

እንግዲህ የራንሰምን መጽሐፍ ስንመዝን እንዲህ እንላለን። ስለ ዕድል የሚነግረን ነገር ሊታመን አይገባም፤ ለሱዛን የሰጣት ቦታ ያንሳታል፤ ስለ ጀልባው አካልም ዝም ብሏል። ነገር ግን ልምድ ማለት ያለፉት ጉዞዎች ቍጥር ሳይሆን የሚመጣውን ሰዓት አስቀድሞ ማየት መሆኑን ከዚህ ይልቅ በግልጽ ያስረዳ ልብ ወለድ ታሪክ አላጋጠመንም። ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን የጆንን ውሳኔ በሌላ መንገድ የሚፈርዱ ከሆነ፣ በተለይም ሱዛን ልክ ነበረች የሚል ሰው ካለ፣ ክርክሩን በዚሁ መጽሔት እንዲቀጥሉት እንጋብዛለን። እስከዚያው ግን ጀልባ ለሚከራይ ሰው ከምስክር ወረቀቱ በላይ ሁለት ጥያቄዎች ቢቀርቡለት የሚበቁ ይመስለናል፤ ውኃው ሲሞላ ሰንሰለትህ ስንት እጥፍ ይሆናል? አንተ ብትወድቅስ እነዚህን ሰዎች ወደ ወደብ የሚመልሳቸው ማን ነው?